ሽቦ ያስፈለገው ሰው

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ የጀመረው ካፊያ የጣቢያውን ቆርቆሮ ጣራ ሳይታክት ይቆረቁራል።

መርማሪዋ የሐኪሙን ስልክ እንደ ቆመች ተቀበለች።

«ትናንት ያመጣችሁት ሽማግሌ መካኒክ» አለ ሐኪሙ፣ «ወዲያው አልሞተም። የዳሌው አጥንት ደቅቋል፤ የገደለው ግን ወደ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው። ከሩብ ሰዓት ያላነሰ በሕይወት ቆይቷል።»

«ቶሎ ቢደርሱለት ኖሮ?»

«ቶሎ ቢያመጡት ኖሮ አሁን የምታነጋግሪው እኔን ሳይሆን እሱን ነበር።»

ስልኩን ከማስቀመጧ የእስር ቤቱ ዘበኛ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ያ ያሰርሽው ኤሌክትሪሺያን እህል አልቀመሰም። ከነጋ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው።»

«ምን ይላል?»

«‹ሽቦ ምን ያደርግልኛል?› ነው የሚለው። እኔ እንጃ! ጭንቅላቱ ሳይነካ አልቀረም።»

መርማሪዋ የእስር ክፍሉን ቁልፍ አነሣች። ያ ጥያቄ ትናንትም ተነግሯት ነበር፤ አልገባትም ነበር፤ አልገባኝምም አላለችም ነበር።

ትናንት የተጠራችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚለው ሽማግሌ መካኒክ በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ፒካፕና በሥራ ጠረጴዛው መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። የፒካፑ ኮፈን እንደ ተከፈተ ነበር። ከሞተሩ አጠገብ ቆሞ ነገሩን ያስረዳት የሟቹ አማች ነው፤ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ያገኘውን ምስክር ወረቀት በመስተዋት አስገብቶ ቢሮ ውስጥ ስለ ሰቀለ ሠራተኞቹ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። ስለ ሶኬት፣ ስለ ስዊች፣ በሽቦ ስለ ማገናኘት አወራላት። ከአሥሩ ቃል ሦስቱን ብታውቅ ነው። ዳሩ ግን በስተቀኟ ረዳት ፖሊሱ ቆሟል፤ በስተግራዋ የሟቹ ልጅ ታለቅሳለች፤ ማዕረጓም ገና የሦስት ወር ነው። «አልገባኝም» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሳ ተመለሰች። ራሷን ነቀነቀች። ጫፍና ጫፉ የተላጠ ሽቦ ከጋራዡ ኤሌክትሪሺያን የዕቃ ሳጥን ሲወጣማ ነገሩ ያለቀ መሰላት፤ በዚያው ጧት ሟቹ ሲጮህበት ተሰምቷልና። ካቴናውን ያጠለቀችለት በገዛ እጇ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ሊቆም ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ሃምሳውን ያለፈ፣ የጣቶቹ ጫፍ በብየዳ የጠቆረ ሰው ነው። ስትገባ ከአግዳሚው አልተነሣም።

«ሽቦ ምን ያደርግልኛል ብለዋል አሉኝ» አለችው። ትናንት «አንተ» ስትለው ነበር።

ሰውየው ለውጡን ልብ አለው። «ትናንትም ብዬዎት ነበር። እርስዎ ግን ለኢንጂነሩ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር።»

ፊቷ ጋለ። «የነቀነቅሁት ገብቶኝ አልነበረም።»

«አውቄያለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ለማያውቅ ሰው ስለ መኪና ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ቶሎ የሚነቀንቀው ያልገባው ነው። የገባው ሰው ይጠይቃል።»

መርማሪዋ አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። «እንግዲያው ልጠይቅዎ። ምንም እንደማላውቅ ቆጥረው ከሀ ይጀምሩልኝ።»

«መቁጠር ያስፈልገኛል?» አለ ሰውየው። ከታሰረ ወዲህ የከንፈሩ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ በመሳቋ አፈረች።

•

ጋራዡ ውስጥ የዝናቡ ውሃ በአንዱ ጥግ ይንጠባጠባል። ፒካፑ ትናንት ከሟቹ ላይ ሲገፋ ወደ ኋላ ሄዶ በቆመበት ቆሟል፤ ቀለሙ በፀሐይ የገረጣ፣ ዕድሜው የአንድ ጎልማሳ ያህል የሆነ። መርማሪዋ የሰውየውን ካቴና ፈታች። ረዳት ፖሊሱ ሊናገር አፉን ከፈተና ዓይኗን አይቶ ዘጋው።

«ሴንሰር ማለት» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብሎ፣ «ጠባቂ ነው። ጠባቂ ደግሞ ከሚጠብቀው ነገር አይርቅም። ይቺ ናስ የመሰለችው ውሃው በሚያልፍበት ቧንቧ አንገት ላይ ናት፤ ሙቀት ትለካለች። ያቺ ከዘይት ማጣሪያው አጠገብ ያለችው የዘይቱን ግፊት ታያለች። ይህ አየር ማስገቢያው ላይ የተቀመጠው የሚገባውን አየር ይመዝናል። ሁሉም በየቤቱ አለ፤ የጎደለ የለም። እየነኩ ይቁጠሩ።»

እየነካች ቆጠረች። ጣቶቿ በዘይት ጠቆሩ። በመጨረሻ እጇ ከጎን በኩል ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ በወጣ፣ የመዳፍ ያህል በታጠፈ ቆርቆሮ ላይ ቆመ። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ምንም ነገር አልተሸከመም።

«ይህ መያዣ ለምን ባዶ ሆነ? የዚህኛው ጠባቂ የት ሄደ?»

«ደኅና ጥያቄ ነው። ብራኬት ይባላል። እስቲ ቀዳዳውን ይዩት፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል። ቀለሙ እንዴት ነው?»

«ዙሪያውን ደኅና ነው። አልተፋቀም።»

«ብሎን ገብቶበት ቢያውቅ ኖሮ ይፋቅ፣ ይዝግም ነበር። ፋብሪካው አንድ አካል ሠርቶ ለብዙ ዓይነት ሞተር ያውለዋል። ይህ ጆሮ ለሌላ ወንድሙ የተሠራ ነው እንጂ በዚህ መኪና ላይ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ከተወለደ ጀምሮ ባዶውን ነው።»

«ታዲያ የላይኛው ጠርዙ ለምን ያበራል? የተወለወለ ይመስላል።»

ኤሌክትሪሺያኑ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ሲናገር ድምፁ ወረደ። «ያ የጋሼ መስቀያ ነው። ይህ መኪና ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል፣ ካልተረገጠ አይነሣም፤ ይኸው እዚህ ታች ያለችው ስዊች ትከለክለዋለች። ጋሼ ሞተር ላይ ከመጎንበሱ በፊት የስዊቿን ሶኬት ነቅሎ እዚህ ባዶ ብራኬት ላይ ይሰቅለዋል። ሶኬቱ ከተነቀለ ፍሪሲዮን ቢረገጥም ባይረገጥም ማንም ቁልፍ አዙሮ አያስነሣውም። ‹ነፍሴን ሰቅያታለሁ፣ እንዳትነኳት› ይለን ነበር።»

«አሁንም ተሰቅሏል» አለች መርማሪዋ። ሶኬቱን አውርዳ አፉን ወደ ብርሃን አዞረች። ሁለቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተለጥጠዋል፤ ከአንዱ ውስጥ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ክር ብቅ ብሏል።

«ሽቦ ገብቶበታል» አለች። «በሽቦ ሁለቱን ቀዳዳ ቢያገናኙትስ?»

«መኪናው ፍሪሲዮን የተረገጠ ይመስለዋል። ማርሽ ውስጥ ከሆነ፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ መኪናውን ጎትቶ ያስፈነጥረዋል።»

«ይህንን እርስዎ ያውቃሉ።»

«ትናንት ያሰሩኝም ስለማውቅ ነው። አሁን ጥያቄዬን ልድገመው፤ ሽቦ ምን ያደርግልኛል? ጋሼን ልገድል ብፈልግ ሶኬቱን አንድ ስንዝር ታች ወዳለው ቤቱ እመልሰዋለሁ። ፍሪሲዮን ረግጬ አስነሣና እለቀዋለሁ። ሽቦ የለ፣ ዱካ የለ፤ ሁላችሁም ‹ሽማግሌው ረስቶ ሰካው› ትሉ ነበር።»

መርማሪዋ ሶኬቱን እንደ ያዘች ቆመች። ትናንት ይህንን ለመጠየቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅባትም ነበር።

«ጋሼ ትናንት ጧት ለምን ጮኸብዎት?» አለችው በመጨረሻ።

ሰውየው ወደ ጎን ዞረ። «መነጽር አድርግ እያለ ነው። እኔ ደግሞ አፍሬ አላደርግም። ትናንት ልነግርዎ ያልቻልኩት ይህንን ነው፤ ዓይኑ የማያይ ኤሌክትሪሺያን ማን ይቀጥራል?»

•

ባለፒካፑ ጡብ የሚያመላልስ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ ሰው ነው። መኪናውን ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ አገኘችው።

«መኪናዬን እስከ መቼ ነው የምታስሯት እህቴ? ፍሬን የላትም እንጂ ክፋት የላትም!» አለና ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ። «ይቅር በይኝ። ጋሼን ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ሳልቀልድ ማልቀስ አልችልበትም።»

«ትናንት ያቆምካት በማርሽ ነው?»

«በአንደኛ ማርሽ። የእጅ ፍሬኑ ከሞተ ተዝካሩም ወጥቷል። ልክ ጠረጴዛው ፊት አቆምኳት፤ ጋሼ ኮፈኑን ከፈተ፣ ያችን ነገሩን ሰቀለና ወደ ሌላ መኪና ሄደ።»

«ከዚያ ማን ነካት?»

«ኢንጂነሩ ነዋ። ቦታ እንድትለቅ ወደ ኋላ ሊያወጣት ቁልፍ ቢያዞር እምቢ አለችው። ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን ከቶ ቆየና ‹መኪናህ ሴንሰር ተሰርቆባታል፤ ብራኬቱ ባዶውን ቀርቷል፣ ሶኬቱም ተንጠልጥሏል› አለኝ።»

«ጋሼን አልጠየቃችሁትም?»

«‹ልጥራው?› ብለው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ‹ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁ አይደል?› አለኝ። እዚህ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው፤ አንድ ቀን ‹ይህ ምንድን ነው?› ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔ እንኳ ሞተር ማለት ክዳን ያለው ድስት የሚመስለኝ ሰው እጠይቃለሁ!»

«ይህንን ያለህ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«አራት ሰዓት ይሆናል። ጧት።»

መርማሪዋ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ጻፈችው።

የሟቹ ልጅ፣ የኢንጂነሩ ሚስት፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከራሷ በላይ የባሏ ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ መስተዋቱ ላይ የጣት አሻራ እንኳ የለም።

«ትናንት ምን ሰማሽ?» አለቻት መርማሪዋ በዝግታ።

«ሞተሪኖ አንዴ ጮኸ። ከዚያ ጓ አለ። ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ ብረት ሲጋጭ አልደነግጥም።»

«ከዚያስ?»

«ስልክ ደወልኩ። ለመለዋወጫ ሱቁ። ባሌን ፈልጌው ነበር፤ ሴንሰር ልግዛ ብሎኝ ወጥቶ...»

«አገኘሽው?»

ሴትየዋ የሻሿን ጫፍ አጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጠፈች። «ሱቁ ሰው በዝቶበት መልስ አልሰጡኝም።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። መርማሪዋ ፈቃድ ጠይቃ አየችው፤ ጥሪው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ ተደርጎ አራት ደቂቃ ቆይቷል። ባሏ «ድረሱልኝ!» ብሎ የጮኸው ለአሥር ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

አራት ደቂቃ ሙሉ መልስ ለማይሰጥ ሰው ማንም ስልክ አይዝም። መርማሪዋ ግን አልገፋችባትም። አፍሮ የሚዋሽ ሰው ምን እንደሚመስል ከትናንት ወዲህ ታውቃለች።

•

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በፒካፑ ዙሪያ ቆሙ። ኢንጂነሩ ንጹሕ ቱታ ለብሷል። ኤሌክትሪሺያኑን ያለ ካቴና ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ።

«በይቅርታ ነው የምጀምረው» አለች መርማሪዋ። «ትናንት በዚህ ቦታ ያልገባኝን ገብቶኛል ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያ ምክንያት አንድ ንጹሕ ሰው ታስሮ አደረ። ይህንን ለእሱ ብቻ ሳይሆን በፊታችሁ መናገር ነበረብኝ።»

ረዳት ፖሊሱ መሬት መሬት አየ። ኤሌክትሪሺያኑም እንዲሁ።

«ይህ ሶኬት በሽቦ ተገናኝቷል። የመዳብ ክሩ እስካሁን አፉ ውስጥ አለ። ጥያቄው ሽቦ ያስፈለገው ማን ነው የሚል ነው። ሶኬቱን የሚያውቅ ሰው ወደ ቤቱ ይመልሰዋል እንጂ ሽቦ አይፈልግም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪሺያኑ አይደለም። ምንም የማያውቅ ሰው ደግሞ ሶኬት በሽቦ እንደሚገናኝ እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ ባለፒካፑ አይደለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ባለፒካፑ። «ድንቁርናዬ ጠቀመኝ።»

«የሠራው በመካከል ያለ ሰው ነው። ሴንሰር ሲጎድል ሶኬቱን በሽቦ አገናኝቶ መኪናውን ማታለል እንደሚቻል ተምሯል። ይህ ግን የሴንሰር ሶኬት እንዳልሆነ፣ ብራኬቱም ከተወለደ ጀምሮ ባዶ እንደሆነ አያውቅም። ምንም ያልጎደለበት ቦታ ጉድለት ታየው።»

«ይህ ግምት ነው» አለ ኢንጂነሩ። «እርስዎ ደግሞ መካኒክ አይደሉም።»

«አይደለሁም። ስለዚህ ልጠይቅህ። ትናንት ከአሥር ሰዓት በኋላ ይህ ምን ነው ብለህ ነበር ያስረዳኸኝ?»

«የፍሪሲዮን ስዊች ሶኬት ነው አልኩ። በሽቦ ካገናኙት ማርሽ ውስጥ ይነሣል አልኩ። ስሕተት ነው?»

«አይደለም፤ ልክ ነው። ጧት አራት ሰዓት ላይ ግን ለባለፒካፑ የተሰረቀ ሴንሰር ሶኬት ነው ብለኸዋል።»

«ብሎኛል» አለ ባለፒካፑ። አሁን አልቀለደም።

«በአራትና በአሥር ሰዓት መካከል ልኩን ተማርክ። ማን አስተማረህ? ጋሼን አልጠየቅኸውም። ኤሌክትሪሺያኑንም አልጠየቅኸውም።»

ኢንጂነሩ ወደ ሚስቱ አየ። «ሱቅ ሄጄ ነበር። መለዋወጫ ሱቁ... እነሱ ነገሩኝ።»

መርማሪዋ ወደ ሚስቲቱ አልዞረችም። የዝናቡ ጠብታ ጥግ ካለው ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል።

«አልመጣም አሉኝ» አለች የሟቹ ልጅ።

«ምን አልሽ?» አለ ባሏ።

«‹ባልሽ ዛሬ ዝር አላለም› አሉኝ። ከዚያ ሌላ ሌላውን አወሩኝ፤ አልሰማኋቸውም። እኔ ስልክ ይዤ ተቀምጬ...» መጨረስ አቃታት። «አባቴ እኮ ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ነበር።»

ኢንጂነሩ የፒካፑን ጎን ተደገፈ። የተናገረው ለመርማሪዋ ሳይሆን ለሚስቱ ነበር።

«አባትሽ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ነበር። ሳያየኝ ሽቦውን ሰካሁ። አስነሥቼ ላሳየው ነበር፤ ይህንን እንኳ ያውቃል እንዲለኝ። ገብቼ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ ቁልፉን አዞርኩ። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ፊት ለፊት አይታይም። ተመልሶ መጎንበሱን አላየሁም። ዘሎ ሲሄድ ያኔ ገባኝ ሶኬቱ ምን እንደሆነ።»

«ይህ እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው» አለች መርማሪዋ። «ያኔውኑ ብትጮህ ኖሮ ሚስትህ ከግድግዳው ማዶ ነበረች። ሐኪሙ ይተርፍ ነበር ብሏል። አንተ ግን ሽቦውን ነቀልክ፣ ሶኬቱን መልሰህ ሰቀልክ፣ ሽቦውን በሰው ሳጥን ውስጥ ደበቅህ፣ በጓሮ ወጥተህ በፊት በር ተመለስክ። ከዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ጀምሮ አሥር ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ እስኪቀረው ድረስ ለማንም አልተናገርክም። የምትከሰሰው በዚያ ነው።»

«በሕይወት ነበረ» አለ ኢንጂነሩ።

ኤሌክትሪሺያኑ ቀና አለ።

«‹ሶኬቱን ማን ነካው?› አለኝ። ተጣብቆ እያለ። ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያው ሥራ ላይ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀኝ። ‹እኔ አይደለሁም› አልኩት።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንድ ጊዜ እኔ አይደለሁም ካልኩ በኋላ እንዴት ልጩህ?»

ሚስቱ አላለቀሰችም። ሻሿን አውርዳ ፊቷን ሸፈነችበትና በዚያው ቆመች። ኤሌክትሪሺያኑ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ፤ ከዚያ ምን እንደሚላት ስላላወቀ ቆመ።

መርማሪዋ ካቴናውን አወጣች። እጇ የሞተር ዘይት እንደ ነካው ነው፤ በብረቱም ላይ ጥቁር አሻራ ተወ። ረዳት ፖሊሱ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም፤ ለኢንጂነሩ ራሷ አጠለቀችለት።

ኤሌክትሪሺያኑ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በጣቢያው መዝገብ ፈርሞ ወጣ።